ይድረስ ለአበልጄ፣ ሲያትል

አበልጄ፣

አትደንግጥ፣ መርዶ አይደለም። ማንም አልሞተም፣ ማንም አልታመመም፣ ብር አበድረኝ ልልህም አይደለም። ስሜን ስታይ መጀመሪያ የሚመጣብህ እሱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያንተ መልእክት ቢደርሰኝ እኔም ያው ነበርኩ። ጠፍቻለሁ፣ ጠፍተሃል። ይቅርታ። አንተም ይቅርታ ብለሃል ብዬ ይዤዋለሁ፣ በቃ። የዕቁቡን ነገር ደግሞ ዛሬ አናነሳም፣ እሱን በአካል ስንገናኝ ተቀምጠን በደንብ እንጣላበታለን።

የምጽፍልህ ስለ ክርስትና ልጅህ ነው። ጤነኛ ነው፣ ቁመቱ እኔን አልፏል፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚተርፍ ነገር የለም። ግን ሰሞኑን ቤታችን ለቅሶ ቤት መስሏል። የቤዝቦል አሰልጣኙ ኳስ አንስቶ ማዶ ድረስ ከሚወረወርበት ከሰርድ ቤዝ አንስቶ፣ ሌሎቹ የሚወረውሩት ወደሚያዝበት ፈርስት ቤዝ ወስዶ አቆመው።

ሳቅ እንጂ፣ ምን አለበት። እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ። ልጁ ግን አልሳቀም፣ ጓንቱን መኪናው ወለል ላይ ወርውሮ ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ነገሩ የጀመረው ብርዱ አልፎ ልምምድ ሲከፈት ነው። ኳሷን እንደ ድሮው ይይዛል፣ እግሩ ፈጣን ነው፣ ከዚያ ለመወርወር ክንዱን ሲያነሳ የሆነ ነገር ይይዘዋል። አንዷ ውርወራ መሬት ትመታለች፣ ሌላዋ ከልጆቹ ራስ በላይ አልፋ እኛ ወላጆች የተቀመጥንበት ድረስ ትመጣለች። አንድ ቀን አንዲት እናት ቡናዋን ራሷ ላይ ደፍታ ነው ያመለጠችው። ሐኪም ዘንድ ወሰድነው፣ ትከሻውም ክርኑም ምንም የለበትም ተባለ። ጭንቅላቱ ውስጥ ነው ያለው። ልጁም ያውቀዋል፣ ለዚህ ነው የባሰው።

ታዲያ ማታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ «ፈርስት ቤዝም እኮ ቦታ ነው» ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጋሼ ፈርስት ቤዝ መወርወር ያቃተው ሰው የሚጣልበት ነው ብሏል።»

ጋሼ ማለት አንተ ነህ፣ ጌታዬ! የዛሬ ስንት ዓመት፣ ገና የአምስት ዓመት ልጅ ሆኖ፣ እኛ ሳሎን ጭንህ ላይ አስቀምጠኸው ጨዋታ ስታዩ የቀባጠርካት ናት። የኔን ምክር እስከ ነገ አያቆያትም፣ ያንተን ቀልድ ግን እንደ ዳዊት ሲደግማት ኖሯል።

ያኔ የምታማው የዋሽንግተን ናሽናልሱን ራያን ዚመርማንን እንደነበር አስታወስኩ። ስለዚህ ሌላ የምለው ስላጣሁ የዚመርማንን ነገር ከመጀመሪያው አወራሁለት። አንተ ታውቀዋለህ፣ ግማሹን ሬገን ኤርፖርት የታክሲ ሰልፍ ላይ በሬዲዮ አብረን ነው የሰማነው፣ ግን እንዴት እንዳወራሁት ስማኝና ፍረድ።

ዋሽንግተን በፈረንጆቹ ከ1971 በኋላ የቤዝቦል ቡድን አልነበራትም አልኩት። በ2005 የሞንትሪያሉ ቡድን ወደዚህ መጥቶ ናሽናልስ ሲባል፣ በመጀመሪያ ድራፍቱ፣ ቡድኖች አዲስ ተጫዋች በሚመርጡበት፣ የመረጠው ቨርጂኒያ ቢች ያደገውን፣ ከቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የወጣውን ይሄን ልጅ ነው፣ ከአገሩ ሁሉ አራተኛ ተመራጭ ሆኖ። በሰኔ ተመረጠ፣ በመስከረም ትልቁ ሊግ ውስጥ ነበር። በዓመቱ፣ በ2006 የአባቶች ቀን፣ የኒውዮርኩን ያንኪስን በመጨረሻ ምት ኳሷን ከሜዳ አውጥቶ፣ በሆም ረን፣ ሲጨርሳቸው አንተ ተሳፋሪህን ረስተህ ከመኪና ወርደህ እንደዘለልክ ነገርኩት። እዚህ ላይ ትንሽ ፈገግ አለ። መጋቢት 30 ቀን 2008 አዲሱ ስታዲየም ሲከፈትም እንደዚያው፣ ሁለት መቺ ከጨዋታ ወጥቶ፣ በመጨረሻው ዙር፣ በዘጠነኛው ኢኒንግ፣ አትላንታ ላይ፣ 3 ለ 2። ያን ምሽት ደጅ ቆመን ተሳፋሪ ስንጠብቅ መስኮቱን ከፍተህ ስለነበር ጩኸቱን ከሬዲዮው በፊት የሰማነው ትዝ ይለኛል፣ ብርዱም ትዝ ይለኛል።

ለልጁ ደጋግሜ የነገርኩት ግን ሆም ረኑን ሳይሆን ውርወራውን ነው። ሰርድ ቤዝ ላይ ቀስ ብላ የምትንከባለል ኳስ ስትመጣ ወደ ፊት እየሮጠ፣ ያለ ጓንት በባዶ እጁ አንስቶ፣ ሳይቆም ይወረውራት የነበረውን። በ2009 ቡድኑ 103 ጨዋታ ሲሸነፍ እሱ 30 ጨዋታ በተከታታይ መትቶ የምርጥ ተከላካዮቹን የጎልድ ግላቭ ሽልማትም ወሰደ፣ በዚያው በሰርድ ቤዝ። አገሩ ሁሉ እየሳቀብን አንድ የምናሳየው ሰው እሱ ነበር።

ከዚያ ትከሻው ተበላሸ። በ2012 በመርፌ ነበር የሚጫወተው፣ ወቅቱ ሲያልቅ ቀዶ ጥገና ገባ፣ ክንዱ ግን እንደ ድሮው አልተመለሰም። ኳሷን ከጎን፣ ከታች፣ እንደምንም ሲገፋት አንተ በእጅህ ዓይንህን ትሸፍን ነበር። በ2014 ከሜዳው ጀርባ በግራ በኩል፣ ሌፍት ፊልድ፣ ሞከሩት፣ በ2015 ፈርስት ቤዝ አቆሙት። የ100 ሚሊዮን ዶላር ውል የፈረመ ሰው ነው እንግዲህ። አንተም ያቺን መርዘኛ ዓረፍተ ነገርህን አወጣሃት።

እውነቱን ልንገርህ፣ እዚህ ጋ ስደርስ ትንሽ ላሳምራት አስቤ ነበር። ቦታ ቀየረ፣ ወዲያው ጀግና ሆነ ብዬ ልለፍ። ግን ልጁ ስልኩ እጁ ላይ ነው፣ ሁሉንም ያየዋል። ስለዚህ ነገርኩት። የመጀመሪያው ዓመት እግሩን ሲያመው ከረመ። ሁለተኛው፣ 2016፣ ከነበሩት ሁሉ የከፋ ሆነ፣ የመምታት አማካዩ .218፣ አንተም ሶፋዬ ላይ ሆነህ ጡረታ ይውጣ እያልክ። ከዚያ በ2017፣ በ32 ዓመቱ፣ .303 መታ፣ 36 ሆም ረን፣ በምርጦቹ ጨዋታ፣ በኦል ስታር፣ ላይ የናሽናል ሊጉ ቋሚ ተሰላፊ ሆነ። በየትኛው ቦታ? በፈርስት ቤዝ! ያን በጋ ድምፅህ ጠፍቶ ነበር፣ አሁንም ይቅርታ አልጠየቅከውም።

ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «እሱ ትከሻውን ታሞ ነው። እኔ አልታመምኩም፣ ዝም ብዬ ነው ያቃተኝ» አለኝ።

ምን ትለዋለህ? እኔ የምለው አጣሁ። መብራቱን አጥፍቼ ወጣሁ።

በማግስቱ መኪና ውስጥ ደግሞ በሌላ በኩል ሞከርኩ። ፈርስት ቤዝ ምን እንደሚሠራ እስቲ አስብ አልኩት። ኢንፊልድ ውስጥ፣ ቤዞቹ አካባቢ፣ የተመታች ኳስ ማን ይዟት ማን ወርውሯት ማለቂያዋ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ጋ ነው። አንድ እግሩ ቤዙን ነክቶ ሌላው እስከቻለ ይዘረጋል፣ ቀድሞ ከተዘረጋ ደግሞ ኳሷ ወዲያ ማዶ ስትሄድ ተቸንክሮ ይቀራል፣ ስለዚህ የት እንደምትመጣ አይቶ ነው የሚዘረጋው። እግሩ ሥር ነጥራ የምትመጣዋን በጓንቱ ጠርጎ ካወጣት ስህተቱ በወርዋሪው ላይ አይጻፍም፣ ሰውም አያጨበጭብለትም። ካልያዛት ግን ሁሉም ያየዋል። ያ ቦታ ረጅም ሰው ይፈልጋል፣ ጥሩ እጅ ይፈልጋል፣ ሁለቱም አሉት። አሰልጣኙም ያለኝ ይህንኑ ነው፣ ሰውየውን አልወደውም ነበር፣ ግን ልጁን ለመቅጣት እንዳላደረገው ገብቶኛል።

የድሮው የያንኪስ ሰው ሉ ጌሪግም ፈርስት ቤዝ ነበር ብዬው ነበር፣ ያ አንተ በየሰልፉ የምትተርክልኝ፣ 2,130 ጨዋታ ሳያቋርጥ ተጫውቶ በ1939 ሰውነቱ እንቢ ሲለው ራሱ ሄዶ አታሰልፉኝ ያለው። ይሄ ስህተት ሆነ፣ «እሱ ሞተ አይደል?» አለኝ። አዎ ሞተ። በቃ ሬዲዮ ከፈትኩ።

እናቱ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የወደደችው ሌላውን ነው። በ2020 ኮሮና ሲመጣ ዚመርማን አልጫወትም ብሎ ቤቱ መቅረቱን፣ እናቱ የቆየ የነርቭ በሽታ ስላለባቸውና አራስ ልጅ ስለነበረው። በሚቀጥለው ዓመት ድሮ በዓመት 18 ሚሊዮን ይከፈለው የነበረ ሰው በአንድ ሚሊዮን ተመልሶ ተቀያሪ ሆኖ ተጫወተ። «እንዲህ ያለ ሰው አሳዩኝ» አለች። ልጁ ግን ስለ ተቀያሪ መስማት አልፈለገም፣ እኔም አልፈረድኩበትም።

በነገራችን ላይ 2019ን ዝም ብዬ ያለፍኩ እንዳይመስልህ። 19 አሸንፈው 31 ተሸንፈው ከጀመሩ በኋላ ከሚልዋኪ ያዳነችን ያቺ ዱላው ተሰብሮ የወደቀች ምቱ፣ ከዚያ ሂውስተን ላይ በሻምፒዮናው ፍጻሜ፣ በዎርልድ ሲሪስ፣ የመጀመሪያ ምቱን በወርዋሪያቸው በጌሪት ኮል ላይ ሆም ረን ማድረጉ፣ በቡድኑ ታሪክ የመጀመሪያዋ። አንተ ያኔ ሲያትል ገብተህ ነበር፣ በስልክ ስንጮህ ልጁ ተነስቶ ፒጃማውን እንደለበሰ መጣ። ከዚያ ወዲህ እንዲያ የተጯጯህንበት ቀን ትዝ አይለኝም። በ2022 የማልያ ቁጥሩን 11ን ስታዲየሙ ውስጥ ሲሰቅሉለት ልደውልልህ ስልኬን አንስቼ ነበር፣ ሰኔ 18፣ ልክ ያቺ የያንኪስ ቀን። አልደወልኩም። አላውቅም ለምን። ዕቁቡ ይሁን ኩራቴ፣ ተወው። እናንተ የሲያትል ማሪነርሶች ደግሞ ዎርልድ ሲሪስን በቴሌቪዥን ብቻ ስለምታውቁት እንዳላበሳጭህ ብዬ ነው እንበል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ዙሪያ ጥምጥም የሄድኩት አፍሬ ነው።

ለልጁ የበረኛውን ነገር ንገረው።

አዎ፣ እሱን። አትሽሽ። ለልጁ ሁሌ «አጥቂ ነበርኩ» ነው የምትለው፣ እኔም ስንት ዓመት ሙሉ አፌን ይዤልሃለሁ። ልጆች ሆነን እግር ኳስ ስንጫወት፣ ኳሷን በመታህ ቁጥር የዚያችን ሴትዮ አጥር እየዘለለች፣ አንድ ቀን በቢላ ቀደው ሲወረውሩልን፣ ትልልቆቹ ልጆች ገፍተው በር ላይ ያቆሙህን። ከአጥሩ ጀርባ ሄደህ ስታለቅስ ያየሁህ እኔ ነኝ፣ እስከዛሬ አላነሳሁብህም። ከዚያ ያ ሰፈር ሪጎሬ የሚመታ ሰው እስኪጠፋ ድረስ የሆንከውን ሆንክ፣ ጃንሜዳ ድረስ እየመጡ የሚወስዱህ በረኛ። አንተም እኮ ትከሻህን አልታመምክም ነበር። ዝም ብሎ ነው ያቃተህ። ይቺን ነው ልጁ መስማት ያለበት፣ ዚመርማን ለሱ ቴሌቪዥን ውስጥ ያለ ሰውዬ ነው።

እኔ ልነግረው አንድ ሁለት ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ግን ካንተ ቢሰማው ነው የሚያምነው። ደግሞም ያቺን ዓረፍተ ነገር ያመጣሃት አንተ ስለሆንክ አንተው አንሳት።

ቅዳሜ ጨዋታ አላቸው፣ እንደሚሄድ አልወሰነም። «ተወው» ልለው እችላለሁ፣ ልተውለትም ዝግጁ ነኝ፣ ቤዝቦል አልተጫወተም ብዬ አላለቅስም። ኳስ መጫወት ጠልቶ ቢተው እሺ። ግን ፈርስት ቤዝ ውርደት ነው ብሎ ከሆነ የሚተወው፣ እሱ ይከነክነኛል።

ከትምህርት ቤት የሚወጣው 9 ሰዓት ላይ ነው፣ ያ ያንተ 6 ሰዓት ነው፣ ለምሳ ስትቆም ደውልለት። ቁጥሩ ያው ነው። እኔ ጻፍኩልህ እንዳትለው፣ ዝም ብሎ ትዝ ስላልከኝ ነው በለው፣ ያውቅብሃል ግን ምንም አይልም። በእናቱ ስልክ እንዳትደውል፣ እሷ ዕቁቡን ገና አልተወችውም። ካነሳችብህ ደግሞ እኔ የለሁበትም።