ባለፈው ሐሙስ ለምን እንዳስጠበቅናችሁ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ቀጠሮ ይዛችሁ መጥታችሁ፣ በራችን ላይ «ድንገተኛ ቀዶ ጥገና ላይ ነን» የሚል በእጅ የተጻፈ ወረቀት ብቻ ያገኛችሁ አላችሁ። ስልክ ደውላችሁ ማንም ያላነሳላችሁም አላችሁ። አንዲት ደንበኛችን ድመታቸውን በቅርጫት እንደያዙ ተመልሰዋል። ይቅርታ አድርጉልን። ወረቀቷ ምንም ስለማታስረዳ የሆነውን እንንገራችሁ፤ ቀዶ ጥገናው ምጥ ላይ ሆና መውለድ ላቃታት አንዲት ውሻ ነበር። በነገሩ ውስጥ የእኛም ጥፋት ስላለበት ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም።

ውሻዋ ፊተ ጠፍጣፋ ከሚባሉት፣ የፈረንሳይ ቡልዶግ ናት። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው። በእነዚህ ዝርያዎች የቡችላው ጭንቅላትና ትከሻ ሰፊ፣ የእናትየው ዳሌ ደግሞ ጠባብ ስለሆነ ምጥ ላይ መቸገር የተለመደ ነው። ባለቤቷ ይህን ያውቃሉ። ቀኑን ቆጥረው (የውሻ እርግዝና በአማካይ 63 ቀን ነው) የመጨረሻውን ሳምንት ጠዋትና ማታ ሙቀቷን ይለኩ ነበር። የውሻ ሙቀት በጤናዋ ጊዜ ከ38 ዲግሪ በላይ ነው፤ ከ37.5 በታች ከወረደ አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ምጥ ይጀምራታል። ረቡዕ ጠዋት ወረደ።

ማታ ደወሉልን። «ታለከልካለች፣ ጨርቁን ትቧጭራለች፣ ምግብ እንቢ ብላለች» አሉ። ስልኩን ያነሳው ባልደረባችን «የተለመደ ነው፣ ይጠብቁ» አላቸው። እውነቱን ነው፤ የመጀመሪያው የምጥ ደረጃ እንዲህ ነው፣ ከ6 እስከ 12 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ግን እስከ መቼ እንደሚጠብቁ፣ ምን ሲያዩ መሮጥ እንዳለባቸው አልነገራቸውም። እሳቸውም የተባሉትን ሰምተው ጠበቁ።

ሌሊት ላይ አጥብቃ ማማጥ ጀመረች። ሆዷ ይኮማተራል፣ ትገፋለች፣ የሚወጣ የለም። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለት ሆነ። ባለቤቷ ጨነቃቸው፤ «ውሻ እኔ አውቃለሁ» የሚል ወዳጃቸው መጣና ኦክሲቶሲን ወጋት። እባካችሁ ይህን ነገር በቤታችሁ አታድርጉት። ኦክሲቶሲን ማህፀን እንዲኮማተር ያደርጋል። መንገዱ ክፍት ሆኖ ማህፀኑ ብቻ ከደከመ፣ ሐኪም መርምሮ በልኩ ሲሰጠው ሊረዳ ይችላል። መንገዱ ከተዘጋ ግን ማህፀኑ የማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ይገፋል፤ ሊቀደድ ይችላል፣ የእንግዴ ልጁም ያለጊዜው ሊለይና ቡችሎቹ ኦክስጅን ሊያጡ ይችላሉ።

ገና በር ሳንከፍት በአንሶላ ጠቅልለው ይዘዋት ደረሱ። አንሶላው ላይ ጥቁር አረንጓዴ ፈሳሽ ነበር። ቡችላ ከተወለደ በኋላ ብናየው አያሳስበንም፤ ከእንግዴ ልጁ የሚመጣ ነው። አንድም ቡችላ ሳይወጣ ሲታይ ግን የእንግዴ ልጁ መለየት ጀምሯል ማለት ነው፣ ያኔ የሚቆጠረው ደቂቃ ነው። በጣታችን ስንፈትሽ የመጀመሪያው ቡችላ ዳሌዋ ላይ ተቀርቅሯል። ራጅ ስናነሳ አምስት ናቸው። በአልትራሳውንድ ልባቸውን አየን። ጤነኛ የቡችላ ልብ እናቱ ማህፀን ውስጥ በደቂቃ ከ200 በላይ ይመታል። የተቀረቀረው ልቡ ቆሟል። ከቀሩት አንዱ 150 ላይ ወርዷል። ከዚያ በኋላ ብዙ አልተወያየንም።

በዚህ ቀዶ ጥገና ማደንዘዣው ወደ ቡችሎቹም ያልፋል። ስለዚህ ኦክስጅን መስጠቱን፣ የደም ሥር መክፈቱን፣ ሆዷን መላጨትና ማጽዳቱን ሳትተኛ እንጨርሳለን፤ ከተኛች በኋላ ያለው ጊዜ እንዲያጥር። ሐኪሟ ሆዷን መሃል ለመሃል ከፍታ ቡችሎቹን አንድ በአንድ ታወጣለች፣ እያንዳንዱን የሚቀበል ሌላ እጅ ደግሞ ያስፈልጋል። እንግዲህ ስልኩ ያልተነሳው በዚህ ነው። ስልክ የሚያነሳው ልጅ ጓንት አድርጎ ፎጣ ይዞ ቆሞ ነበር። አዎ፣ ያው ረቡዕ ማታ «ይጠብቁ» ያለው።

ልቧ 150 ላይ የነበረችው ቡችላ እሱ እጅ ላይ ወደቀች። ዝልፍልፍ ብላ፣ ምላሷ ሰማያዊ ሆኖ። አፏንና አፍንጫዋን በጎማ መምጠጫ አጸዳ፣ ጀርባዋን በሞቀ ፎጣ ማሸት ጀመረ። ድሮ ቡችላን ሁለት እጅ ውስጥ ይዞ ወደ ታች ማወዛወዝ ይሠራበት ነበር፤ አንጎላቸውን ስለሚጎዳ አሁን አናደርገውም። አሸ፣ ኦክስጅን ሰጠ፣ እንደገና አሸ። ሌሎቹ ሦስቱ ሙቅ ሳጥናቸው ውስጥ እየተንጫጩ እሱ ገና ያሻል። ስፌቱ ሲጀመር ነው አንዴ አፏን ከፈት ያደረገችው። ከዚያ ትንሽ ቆይታ ጮኸች፤ ድምፅ ከተባለ። ልጁ አላለቀስኩም እያለ ነው፣ እኛ ግን አይተነዋል።

ከሐሙስ ጀምሮ የስልክ አመላለሳችንን ለውጠናል። ስለ ምጥ ከደወላችሁ አጥብቃ መግፋት የጀመረችው ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ፣ ፈሳሽ ካለ ቀለሙን፣ የወጣ ቡችላ ካለም መቼ እንደወጣ እንጠይቃችኋለን። 30 ደቂቃ አጥብቃ ገፍታ ምንም ካልወጣ፣ ወይም አንዱን ወልዳ ሆዷ ውስጥ ገና ቡችላ እያለ ቀጣዩን ሳትወልድ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየች፣ ወይም ያ አረንጓዴ ፈሳሽ ከመጀመሪያው ቡችላ ቀድሞ ከመጣ፣ ወይም ሙቀቷ ከወረደ 24 ሰዓት አልፎ ምጥ ካልጀመራት፣ ሌሊትም ቢሆን ደውሉና ይዛችኋት ኑ። መጥታችሁ ምንም ሳይሆን ብትመለሱ ማንም አይታዘባችሁም። የኋላ እግሩ ቀድሞ የሚወጣ ቡችላ ግን ብቻውን አያስደንግጣችሁ፣ ብዙ ቡችሎች እንደዚያ ነው የሚወለዱት።

ፊተ ጠፍጣፋ ውሻ ያረገዘችባችሁ ደግሞ 55ኛው ቀን ገደማ ለራጅ አምጧት። ስንት እንደሆኑ ቆጥረን፣ ካስፈለገ ቀዶ ጥገናውን በቀን፣ በሰላም፣ በቀጠሮ እናደርገዋለን። «አጥንት ያጠነክራል» ብላችሁ በእርግዝናዋ ጊዜ ካልሲየም አትስጧት፤ የራሷ አካል ከአጥንቷ ካልሲየም ማውጣቱን ስለሚቀንስ፣ ስታጠባ ወደ መንቀጥቀጥ ሊወስዳት ይችላል።

ሐሙስ ሳትታዩ የተመለሳችሁ አዲስ ቀጠሮ ለመያዝ አትጠብቁ፣ ዝም ብላችሁ ኑ፣ ቅድሚያ ለእናንተ ነው። እናትየው ቤቷ ገብታለች፣ መብላት ጀምራለች። ስፌቷ የሚወጣው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። አራቱም ይጠባሉ፣ ትንሿም ጭምር፣ በየቀኑ ሚዛን ላይ ትወጣለች። ቡችሎቹን ለማየት የምትደውሉ ብዙ ናችሁ፤ ባለቤቷ ለጊዜው እንግዳ አንቀበልም ብለዋል። ስልክ የሚያነሳው ልጅ ብቻ ተፈቅዶለታል።

የክሊኒኩ ባልደረቦች