ከመርከብ ወርዳችሁ ወደ ድሬ ለምትመጡ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ናችሁ? እኔ አንብቤ ዝም የምል ሰው ነኝ፣ ደብዳቤ ጽፌም አላውቅ፣ የዘንድሮው ታኅሣሥ ግን አላስቻለኝም። ከረዘመባችሁ ቆርጣችሁ አውጡት፣ ቅር አይለኝም።

ታላቅ እህቴ ካናዳ ነው የምትኖረው። ከባሏ ጋር (ፈረንጅ ነው፣ ሰው ግን ጥሩ ነው) ክሩዝ ወጡ፣ ከዱባይ ተነስቶ ባህረ ሰላጤውን ሰባት ሌሊት ዞሮ መልሶ ዱባይ የሚያወርድ ትልቅ መርከብ፣ ከዛ "እዚህ ድረስ መጥተን ድሬን ሳናይማ አንመለስም" ብለው ክሩዙ ሲያልቅ አምስት ቀን ድሬና ሐረር ሊቆዩ አቀዱ። እቅዱን ባልየው ነው ያወጣው፣ በሰዓት በሰዓት ከፋፍሎ በኢሜይል ላከልኝ። ወረቀቱ ላይ አቦ እንዴት ያምራል! ጠዋት ዱባይ መውረድ፣ በዛው ቀን አዲስ አበባ፣ በማግስቱ ድሬ፣ ከሰዓት ቀፊራ ገበያ፣ ማታ ሐረር ጅብ ማብላት። እኔም አይቼ "አሪፍ ነው" ብዬ መለስኩለት። ቀኑን ልብ ብዬ አላየሁትማ፣ ጥፋቱ ግማሹ የኔ ነው።

መርከቡ የሚያወርዳቸው ዲሴምበር 27 ነበር። በኛ ስንት ነው? ታኅሣሥ 18። የቁልቢ ገብርኤል ዋዜማ! ድሬ ተወልዳ ያደገች ሴት፣ እናቷ በየዓመቱ ስለት ይዛ የምትወጣ ሴት፣ ሃያ ምናምን ዓመት በፈረንጅ ካላንደር ኖራ ቁልቢን ረሳችው። ታኅሣሥ 19 አገር ምድሩ ወደዚህ ነው የሚጎርፈው፣ አልጋ የለም፣ የአውሮፕላን ትኬት የለም፣ ከድሬ ወደ ደንገጎ የሚወጣው መንገድ በእግረኛና በመኪና ጢም ብሏል። እነሱ ደግሞ የሀገር ውስጡን ትኬት "እዛው ስንደርስ እንቆርጣለን" ብለው አሳድረውታል። አዲስ አበባ የአክስታችን ልጅ ቤት ቁጭ ብለው እስከ ታኅሣሥ 21 ጠበቁ፣ ከአምስቱ ቀን ሁለቱ እዛው ሶፋ ላይ አለቀ።

በነገራችን ላይ የመርከቡ አወራረድ ራሱ አንድ ታሪክ ነው። በመጨረሻው ሌሊት ሻንጣህን ቀለም ያለው ታግ አስረህ ከካቢንህ በር ላይ ታወጣለህ፣ ሠራተኞች ሰብስበው ይወስዱታል፣ አንተ ጠዋት በእጅ ቦርሳ ብቻ ወርደህ ተርሚናሉ ውስጥ በታግህ ቀለም ፈልገህ ታነሳለህ። እህቴ ሥርዓት የምትወድ ሰው ናት፣ ሁሉን አጣጥፋ ጨርሳ አወጣች፣ ጫማዋን ጭምር። የግፊት መድኃኒቷንም። ጠዋት ሲነሱ የቀራት የሌሊት ልብስና የመታጠቢያ ቤት ነጠላ ጫማ ብቻ ነው። የባሏን ጃኬት ከላይ ደርባ በዛ ነጠላ ጫማ ኢሚግሬሽን ሰልፍ ላይ ቆማ ፎቶ አለ፣ ቤታችን ውስጥ ከሠርጓ ፎቶ በላይ የታየ እሱ ነው።

እና ለሚመጣ ሰው የምለው፣ መድኃኒት፣ ፓስፖርት፣ ቢጫ ካርድ፣ አንድ ቅያሪ ልብስና ጫማ ከእጅ ቦርሳ አይለይ። ኢ-ቪዛ የሚያስፈልገው ሰው ካለም መርከብ ከመሳፈራችሁ በፊት ጨርሱ፣ ባህር ላይ ያለው ኢንተርኔት ውድ ነው፣ ደሞም ይንቀራፈፋል። በረራ ደግሞ በወረዳችሁበት ጠዋት አትያዙ፣ መርከቡ በሰዓቱ ቢቆም እንኳ ያ ሁሉ ሺህ ሰው በአንዴ አይወርድም። ከዱባይ አዲስ አበባ አራት ሰዓት ገደማ ነው፣ የማታውን ወይ የማግስቱን ብትይዙ ምን ትጎዳላችሁ።

ሌላው ማንም ያልነገረን ነገር መሬቱ መወዛወዙ ነው። ድሬ በገባች ቀን ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ስር ሻይ በወተት አዝዘን ተቀምጠን፣ በግራ እጇ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጣ በቀኟ ብርጭቆውን ስታነሳ አየኋት። "ምን ሆነሽ ነው?" ስላት "አንተ ዝም በል፣ ወለሉ እየሄደ ነው" አለችኝ። ከመርከብ ከወረደች ሦስት ቀን አልፏታል እኮ! ብዙ ሰው ላይ በአንድ ሁለት ቀን የሚለቅ ነገር ነው፣ እሷ ላይ ግን ቆየባት። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ወርዶ በነጋታው የሐረር ጀጎልን ዳገትና ጠባብ መንገድ ውጣ ሲባል ምን ይሁን?

የመርከቡ ኑሮ ነው ሰውን የሚያታልለው። መርከብ ላይ ተኝተህ ከተማው ራሱ ይመጣልሃል፣ ምግቡ በሰዓቱ ነው፣ አውቶቡሱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ስድስት ሰዓት ውስጥ አንድ ከተማ "አይቼዋለሁ" ብለህ ትመለሳለህ። በዛ ሂሳብ ድሬን ልታይ ብትል ግን በሩ ተዘግቶ ነው የምታገኘው፣ ምክንያቱም ከምሳ በኋላ ከተማው በርጫ (ጫት መቃም) ላይ ነው፣ ሱቁም ጋደም ብሏል፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ነው ነፍስ የሚዘራው። ባልየው ስምንት ሰዓት ላይ ካሜራ አንጠልጥሎ መጋላ ሰፈርን ዞሮ ላብ በላብ ሆኖ ሲመለስ "ዛሬ በዓል ነው እንዴ?" አለኝ። ድሬ የጠዋትና የማታ ከተማ ናት። ጠዋት ፈጢራ በማር፣ ከዛ ቀፊራ፣ ከዛ ቤት። ማታ ከዚራ።

ሐረርን እንዴት እንዳበላሸነው ደግሞ ልንገራችሁ። ባልየው ራሱ ለሹፌሩ በቴክስት "ነገ በ2:00 ውሰደን" ብሎ ጻፈለት፣ ከምሳ በኋላ ማለቱ ነው። ሹፌሩ እንደ ማንኛውም ክርስቲያን ፍጡር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት መጥቶ ጥሩንባ ሲነፋ ሲነፋ ቆይቶ ማንም ሳይወጣለት ሌላ ሥራ ይዞ ሄደ፣ እኔ ደግሞ የዛን ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ። ሌላ መኪና ተፈልጎ ሲነሱ አሥር ሰዓት አልፏል፣ ርቀቱ ከሃምሳ ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥም ዳገት ነው፣ አወዳይ ላይ ደግሞ የጫት ገበያው መንገዱን ይዘጋዋል። ሐረር ሲደርሱ መሽቷል። ጅቡን አዩ፣ ባልየው በአፉ እንጨት ይዞ ሥጋ አጎረሰው፣ ብርድ አንቀጠቀጣቸው (ሐረር ከድሬ በብዙ መቶ ሜትር ከፍ ትላለች፣ ሹራብ ያዙ ብዬ ነበር)፣ በዛው ሌሊት ተመለሱ። በማግስቱ በረራ ነበራቸው። የአምስት ቀኑ እቅድ ይኸው ነው።

ሐረር ማለት እኮ ማደር ነው። ጀጎል ግንብ ውስጥ ከሐረሪ ቤቶች አንዳንዶቹ እንግዳ ያሳድራሉ፣ ጫማህን አውልቀህ ትገባለህ፣ ነደባው (ከፍ ብሎ የተሠራው መደብ) ላይ ትቀመጣለህ፣ ግድግዳው በሰፌድና በሳህን ተሸፍኖ ታየዋለህ። ጠዋት ስትወጣ ከአምስቱ አሮጌ በሮች በአንዱ፣ በለው በሸዋ በር ገብተህ ዝም ብለህ መጥፋት ነው። መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ስትደርስ በግራ በቀኝ የልብስ ሰፊዎቹን መኪና ድምፅ ትሰማለህ፣ እህቴ በልጅነቷ እናታችን የዒድ ልብስ ለጎረቤት ልጆች ስታሰፋ ይዛት ትሄድ የነበረው እዛ ነው፣ ያን መንገድ ሳታየው ሄደች፣ እኔን የቆጨኝ ይሄ ነው። ግንቡን አሚር ኑር ያሠራው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ ዩኔስኮ የመዘገበው በ1998 ዓ.ም.፣ ከአራት መቶ ዓመት በላይ የቆመን ነገር በአንድ ማታ እንዴት ትጨርሰዋለህ። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1880 ከዘይላ ወደብ ተነስቶ ሃያ ቀን ያህል በበረሃ ተጉዞ ነው የገባው፣ ገብቶም ተቀመጠ።

አባታችን ምድር ባቡር ነበር የሠራው። እሱ ቢኖር በዚህ ሁሉ ይስቅ ነበር፣ ምክንያቱም ድሬ ከመጀመሪያውም የመርከብ መንገደኛ ማሳረፊያ ናት። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ ነው ሜዳው ላይ ከተማ የተቆረቆረው፣ ስሙም አዲስ ሐረር ይባል ነበር። ከማርሴይ በመርከብ ጅቡቲ የወረደ ሁሉ ባቡር ይሳፈራል፣ በዛን ዘመን ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ ድሬ ላይ ግድ ያድራል። ማንም "ጊዜ የለኝም" አይልም፣ ባቡሩ ራሱ ያሳድረዋል። አሁን የሚያሳድርህ የለም፣ ራስህ ካላደርክ።

ስለዚህ የኔ እቅድ፦ አዲስ አበባ አንድ ሌሊት፣ ድሬ ሁለት ሌሊት፣ የመጀመሪያው ቀን ላይ ምንም አይጻፍበት፣ ሰውየው ይተኛ። ሐረር ሁለት ሌሊት። ከዛ ለመመለሻው በረራ አንድ ትርፍ ቀን አዲስ አበባ ላይ። የሀገር ውስጡ ትኬት ከክሩዙ ጋር አብሮ ይቆረጥ። ከሹፌር ጋር ስትነጋገሩ "ጠዋት" ወይ "ከሰዓት" የምትለዋን ቃል አትርሱ። ቁልቢን ፈልጋችሁ ከሆነ የምትመጡት ሌላ ነገር ነው፣ ያኔ ከወራት በፊት አልጋ ያዙ። ሹዋሊድን፣ የሐረሪዎችን በዓል፣ ማየት የሚፈልግ ደግሞ ከረመዳን ፆም ፍቺ በኋላ ያለውን ሳምንት ይጠብቅ፣ በየዓመቱ ወደ አሥራ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ስለሚመጣ የዓምናውን ቀን ይዞ አይምጣ።

አዘጋጅ፣ ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ጋዜጣችሁን ውጪ ያለው ዘመድ በስልኩ ያነባል፣ እና በየዓመቱ ኅዳር ላይ የቁልቢን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር በደማቁ አውጡልን፣ አብዛኛውን ጊዜ ዲሴምበር 28 ነው፣ ጳጉሜ ስድስት ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ግን 29 ይሆናል። ይቺን ትንሽ ሣጥን ለማተም ብዙ ቦታ አይፈጅም።

እህቴ ለከርሞ እንመጣለን ብላለች፣ ያለ መርከብ። ነጠላ ጫማዋን እኛ ቤት ረስታው ሄዳለች፣ መልህቅ ተስሎበታል፣ አሁን እናቴ ግቢ ስታጠጣ ነው የምታደርገው።

አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ