«ከወለድሽ በኋላ ነይ» እስከ መቼ?

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ነፍሰ ጡር ሆና ድዷ የሚደማ ሴት መከራዋ ብዙ ነው። እህቴ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ብሩሹን ባነሳች ቁጥር ደም ስታይ ደንግጣ መቦረሹን ተወችው፤ በጨው ውኃ ብቻ ትጉመጠመጣለች። አንድ ክሊኒክ ብትሄድ አፏን እንኳ ሳያዩላት «ከወለድሽ በኋላ ነይ» ብለው መለሷት። ጎረቤት ደግሞ «ድድሽን ካልታከምሽ ልጁ ያለ ጊዜው ይወለዳል» ብሎ እንቅልፍ ነሳት። እንግዲህ የቱን ትስማ?

የጎረቤቱ ወሬ መነሻ አለው። በ1996 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በ124 እናቶች ላይ የተሠራ ጥናት፣ የድድ በሽታና ያለ ጊዜ መውለድ አብረው እንደሚታዩ አሳይቶ ነበር። አብሮ መታየቱ ግን ድዱን ማከም ምጡን ያዘገያል ማለት አይደለም። ለዚህም በ2006 እ.ኤ.አ. እዚያው አሜሪካ የታተመ ሌላ ጥናት አለ። የድድ በሽታ ያለባቸው 823 ነፍሰ ጡሮች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ 21 ሳምንት ሳይሞላቸው ድዳቸው ተጸዳ፣ የቀሩት ከወለዱ በኋላ ታከሙ። ከ37 ሳምንት በፊት የወለዱት ከመጀመሪያዎቹ 12 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 12.8 በመቶ ነበሩ። ያው ነው በሉት።

ታዲያ ይቅር? በጭራሽ! የታከሙት ሴቶች ድድ ተሽሏል፣ ሕክምናውም በእርግዝናው ላይ ጉዳት አላመጣም። ክሊኒኮቻችን ሊያነቡት የሚገባው ይሄንን ነው። በእርግዝና ሆርሞን ምክንያት ድድ ቶሎ ያብጣል፣ ይደማል፤ ቆሻሻው ካልተነሳ ደግሞ ይብስበታል። የጥርስ ድንጋይ ማስጠረግ ይቻላል፤ በተለመደው ማደንዘዣም መታከም ይቻላል። ቴትራሳይክሊን የመሰለ መድኃኒት አይሰጥም፣ የልጁን ጥርስ ያበላሻልና። ስለዚህ ነፍሰ ጡር መሆንሽንና ስንት ሳምንት እንደሆነሽ ቀድመሽ ተናገሪ። ሲደማ መቦረሽም አይተውም፤ ለስላሳ ብሩሽ መያዝ ነው።

በእርግዝና ክትትል ላይ ክብደት ይለካል፣ ደም ግፊት ይታያል፣ የአይረን ክኒን ይሰጣል። እህቴን ግን እስካሁን «እስቲ አፍሽን ክፈቺ» ያላት የለም። አዋላጆቻችን ይህቺን አንዲት ነገር ቢጨምሩ፣ የጥርስ ሐኪሞቹም የተላከችላቸውን ባይመልሱ ምን ይላቸዋል? እናንተም እስቲ ጠይቁልን።

አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ