የእናትሽ ሆጃ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን

ውድ ጓደኛዬ፣

ለመጨረሻው ደብዳቤሽ መልስ ሳልሰጥ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው፤ ይቅር በይኝ። ይቅርታ መደርደሩን ትቼ ወደ ምክንያቱ ልግባ፤ አንቺም የምትፈልጊው እሱን እንደሆነ አውቃለሁ። «ቤታችን ጠበበሽ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ቤታችሁ ጠቦኝ አያውቅም። የሸሸሁት የእናትሽን ሆጃ ነው።

ይህን ስታነቢ ልትስቂ ትችያለሽ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ከእኅቴ በቀር ለማንም አልተናገርሁትም። እናትሽ ወደ ሐረር ጀጎል የዘለቀን ሰው በቤታቸው መደብ፣ ነደባው ላይ ሳያስቀምጡ፣ የቡና ገለባ አፍልተው በወተት ያዘጋጁትን ሆጃ ሳያስጨብጡ እንደማያሰናብቱ፣ ሲኒው ባዶ ሲሆንም መልሰው እንደሚሞሉት ላንቺ አልነግርሽም። ልጆች ሳለን ሦስት አራት ሲኒ ስጨርስ «ለእኔም አስተርፊልኝ» እያልሽ ትጣዪኝ ነበር። ከሠላሳ ዓመቴ ወዲህ ግን ጥቂት ከጠጣሁ ብዙም ሳይቆይ ሆዴ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ ይቆርጠኛል፣ መጨረሻውም ወደ መጸዳጃ ቤት መሮጥ ነው። በእኅትሽ ሠርግ ማግስት፣ አንቺ እንግዶች ልትሸኚ እንደ ወጣሽ ሳልሰናበት የጠፋሁት በዚሁ ነው። ወደ ድሬዳዋ ስመለስ መንገድ ላይ፣ ደንገጎ ሚኒባሱን ሁለት ጊዜ አስቁሜያለሁ። ከዚያ በኋላ የእናትሽን ሲኒ እንቢ ማለትም፣ ጠጥቶ በሰው ፊት መዋረድም ስላልቻልሁ መቅረትን መረጥሁ። ስትጽፊልኝም እውነቱን ለመጻፍ አፍሬ ዝም አልሁ።

ሐኪም ዘንድ አልሄድሽም ወይ እንዳትይኝ፤ ሄጃለሁ። መልሱ ሁልጊዜ ጨጓራ ነበር። የጨጓራ ባክቴሪያ ተብሎ ሁለት ዙር መድኃኒት ዋጥሁ፣ በርበሬ ተውሁ፣ ቡና ተውሁ። አንዲት ጎረቤቴ የግመል ወተት ያሽርሻል ብላኝ ከሶማሌ ሴቶች እየገዛሁ ማለዳ ማለዳ ብጠጣ ጭራሽ ባሰብኝ፤ ለካ እሱም ያው የወተት ስኳር አለበት። ፍንጩ ደግሞ በየዓመቱ ፊቴ ላይ ነበር። ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር ለ55 ቀን ሽሮው ቢነፋኝም ቁርጠቱና ተቅማጡ ይጠፋል፣ በፋሲካ ሳምንት ይመለሳል። የጾሙ በረከት ነው እያልሁ አምላኬን አመሰግን ነበር፤ ዛሬም አመሰግናለሁ፣ ነገር ግን በእነዚያ ቀናት ወተት አለመቅመሴን ልብ ብዬው አላውቅም።

ባለፈው ዓመት እኅቴ ፍራንክፈርት ስትወልድ ላርሳት ሄድሁ። ለእሷ ያቀረብሁትን እርጎ አብሬ እየበላሁ፣ በሻዬም ላይ ወተት እየጨመርሁ ሰንብቼ፣ በሁለተኛው ሳምንት አልጋ የያዝሁት እኔ ሆንሁ። ሐኪሟ ታሪኬን ሁሉ በትዕግሥት ካዳመጠች በኋላ የትንፋሽ ምርመራ አዘዘችልኝ። ትንፋሽ ስትል ሳንባዬን የተጠራጠረች መስሎኝ ደነገጥሁ።

ምርመራው ወዲያው አልተደረገልኝም። ከመሄዴ ጥቂት ቀደም ብሎ ፀረ ባክቴሪያ ወስጄ ስለነበር፣ በአንጀቴ ያሉት ባክቴሪያዎች እስኪያገግሙ አራት ሳምንት መጠበቅ ነበረብኝ። በዋዜማው የተፈቀደልኝ ነጭ ሩዝና ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ ዶሮ ብቻ ሲሆን፣ እንጀራው፣ ሽሮው፣ ፍራፍሬው ሁሉ ክልክል ነበር፤ ከዚያም 12 ሰዓት ያህል ከውኃ በቀር ምንም አልቀመስሁም። ጠዋት አፌን ተጉመጥምጬ በአንዲት ትንሽ መሣሪያ ውስጥ እፍ አልሁ፤ ቁጥሩ 4 ነበር። ቀጥሎ በብርጭቆ ውኃ የተበጠበጠ 25 ግራም የወተት ስኳር፣ ላክቶስ የሚሉትን፣ አጠጡኝ፤ ግማሽ ሊትር ወተት ውስጥ የሚገኘውን ያህል ነው። ከዚያ ለሦስት ሰዓት በየ30 ደቂቃው መንፋት ብቻ ነው። እንቅልፍም፣ ወዲያ ወዲህ ማለትም አይፈቀድም።

እኅቴ እየተረጎመች ያስረዱኝን ላንቺም ልንገርሽ፤ የልቤን ሸክም ያቀለለልኝ እሱ ነውና። የወተትን ስኳር የሚፈጨው ላክቴዝ የተባለው ኢንዛይም በትንሹ አንጀት ውስጥ ይገኛል፣ ከልጅነት በኋላ ግን በብዙ ሰው ላይ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከዓለም አዋቂዎች ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት እንዲህ ናቸው። ሳይፈጭ የቀረው ስኳር ወደ ትልቁ አንጀት ሲወርድ ባክቴሪያዎቹ፣ እርሾ ሊጥን ኩፍ እንደሚያደርግ፣ ያብላሉትና ጋዝ ይወጣዋል። ከጋዙ አንዱ ሃይድሮጅን ነው። የሰው ሕዋስ ራሱ ይህን ጋዝ ስለማይሠራ፣ በደም ወደ ሳንባ ደርሶ በትንፋሽ ሲወጣ የመጣው ከአንጀት እንደሆነ ይታወቃል። ከመነሻው ቁጥር በላይ በሚሊዮን 20 እጅ ከጨመረ ስኳሩ አልተፈጨም ማለት ነው። በሃይድሮጅን ፈንታ ሚቴን የሚያወጡ ሰዎችም ስላሉ መሣሪያው ሁለቱንም ይለካል።

የኔ በ60ኛው ደቂቃ ገና 9 ነበር። በ90ኛው 38 ሲሆን ሆዴ በዚያ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ መጮኽ ጀመረ፤ በ120ኛው 71 ደረሰ፣ እኔም ሮጥሁ። ስመለስ አለቀስሁ። እኅቴ ሕመሙ የበረታብኝ መስሏት እጄን ያዘችኝ፤ ያስለቀሰኝ ግን ሕመሙ አልነበረም። ስንት ዓመት በጭንቀቴና በበርበሬዬ ሲመካኝ የኖረው ነገር በቁጥር ተጽፎ ፊቴ ተቀምጦ ነበር።

ከተመለስሁ አራት ወር ሆነኝ። ወተትን ፈጽሞ መተው የለብኝም። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እስከ 12 ግራም ላክቶስ፣ ማለትም አንድ ብርጭቆ ወተት ያህል፣ ከምግብ ጋር እንደሚችል ነግረውኛል፤ እኔ ግን ገና አልደፈርሁም። ንጥር ቅቤ ምንም አላለኝም፣ አይብም አጓቱ ስለሚወጣለት ተስማምቶኛል። ፈጢራ አልተከለከልሁምና ስትመጪ የማርዋን ጫፍ እንደ ድሮው እቀማሻለሁ።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ልምጣ። እናትሽ «እጄን ተጸየፈችው» ብለው እንዳዘኑ ሰምቻለሁ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። በእሳቸው እጅ ያደግሁ ልጅ እሳቸውን እንዴት እጸየፋለሁ? ሁለት ጊዜ ሐረር ወጥቼ እስከ ፈረስ መጋላ ደርሼ ተመልሻለሁ። የኔ ጌይ ሲናን፣ የሐረሪው ቋንቋ፣ ከሰላምታ አያልፍም፣ በአማርኛም ቢሆን ስለ ተቅማጥ ለእናት እንዴት ይወራል? አንቺ ግን ልጃቸው ነሽ፣ በቋንቋቸው ታስረጃቸዋለሽ።

ቅዳሜ ጠዋት እሄዳለሁ። እባክሽ ከዚያ በፊት ደውዪላቸው። በወተቱ እንጂ በእጃቸው እንዳልታመምሁ ንገሪያቸው፤ ገለባውን ያለ ወተት፣ በጨው ብቻ ቢያፈሉልኝ እስኪበቃኝ እንደምጠጣም ጨምሪላቸው። ተቀይመው ከሆነ አትደብቂኝ፤ ቢቀየሙም እሄዳለሁ፣ ግን በሩ ላይ ምን እንደምል አስቤ ልሂድ።

ናፋቂሽ