ፓሪስ ላይ የተሰመረው መስመር

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ «ብርዱን አትናቂው በላት» ብላለች።

የላክሽልኝን የፓስፊክ ካርታ አየሁት። ፖሊኔዥያ፣ ማይክሮኔዥያ፣ ሜላኔዥያ የሚለው ክፍፍል ከየት መጣ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ነው የጻፍኩልሽ። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።

ክፍፍሉን ያወጣው ዱሞን ዱርቪል የሚባል የፈረንሳይ ባሕር ኃይል መኮንን ነው። ፓስፊክን ዞሮ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1831 መጨረሻ ፓሪስ ላይ ለጂኦግራፊ ማኅበር አቀረበው። ፖሊኔዥያና ማይክሮኔዥያ የሚሉት ስሞች የሚናገሩት ስለ ደሴቶቹ ብዛትና ትንሽነት ነው። ሜላኔዥያ ግን የተሰየመው በሰዎቹ ቆዳ ጥቁረት ነው። በዚህም አላበቃም። ቀላ ያሉትን ከላይ፣ ጥቁሮቹን ከታች፣ የአውስትራሊያን ነባር ሕዝቦች ደግሞ ከሁሉም ግርጌ አስቀመጣቸው። የሰው ቆዳ አይቶ አእምሮውን መመዘን! ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ኑሯቸው ግን ለመስመሩ አይታዘዝም። ፊጂን ሜላኔዥያ፣ ቶንጋን ፖሊኔዥያ ውስጥ ከተታቸው፤ የፊጂና የቶንጋ ባላባቶች ግን ከጥንት ጀምሮ ሲጋቡ የኖሩ ናቸው። ቲኮፒያ የምትባለው ደሴትም የምትገኘው ሜላኔዥያ በተባሉት ሰለሞን ደሴቶች ውስጥ ሆኖ ሳለ፣ ሕዝቧ የሚናገረው የፖሊኔዥያ ቋንቋ ነው።

አሁን ስለ ቱፓያ ልንገርሽ፤ ከሁሉም በላይ እሱን እንድታውቂው እፈልጋለሁ። የራያቴያ ደሴት ሰው፣ ካህንና የባሕር መንገድ አዋቂ ነበር። በ1769 ታሂቲ ላይ ከእንግሊዛዊው አሳሽ ከካፒቴን ኩክ መርከብ ተሳፈረ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ኒው ዚላንድ ደረሱ። የኩክ ሰዎች ገና በመጀመሪያው ቀን አንድ ማኦሪ፣ ማለት የአገሩን ነባር ሰው፣ ተኩሰው ገደሉ። በማግስቱ ቱፓያ በራሱ ቋንቋ ሲናገር ማኦሪዎቹ ገባቸው። ከታሂቲ 4000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው የሚኖሩ ሰዎች! ዘመዳማቾች መሆናቸውን ለማወቅ የማንንም ቆዳ መመርመር አላስፈለገም።

ቱፓያ ካርታም ሠርቷል፤ 74 ደሴቶች አሉበት። አውሮፓውያን ግን ሰሜንን ከላይ አድርገው ስላነበቡት ብዙዎቹ ደሴቶች ቦታቸውን የሳቱ መሰላቸው። ለዘመናት «ተሳስቷል» ሲባል ኖረ። በቅርብ ዓመታት ጀርመን ፖትስዳም ያሉ ተመራማሪዎች ሌላ ንባብ አቀረቡ። እንደነሱ አባባል፣ ካርታው መሐል ላይ የተጻፈው ቃል የቀትር ፀሐይን ያመለክታል፤ አቅጣጫውም ከእያንዳንዱ ደሴት ተነስቶ የሚቆጠር ነው። እኔ ይሄ ንባብ አሳምኖኛል። ቱፓያ ይህን ሳያይ በ1770 ባታቪያ፣ የዛሬዋ ጃካርታ፣ ታሞ ሞተ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። በ1976 ሆኩሌአ የምትባል ባለ ሁለት ቀፎ ጀልባ ያለ ኮምፓስ ከሃዋይ ታሂቲ ገባች፤ ሁለቱም ፖሊኔዥያ ውስጥ ናቸው። ኮከብና ማዕበል እያየ የመራት ማው ፒያይሉግ ነው፤ የሳታዋል ሰው፣ ዱርቪል ማይክሮኔዥያ ካለው ክፍል። ኋላም የሃዋይ ልጆችን ያንን ጥበብ ያስተማራቸው እሱ ነው።

ለክፍልሽ ስታቀርቢ የዱርቪልን ካርታ ብቻ አትለጥፊ። የቱፓያንም ከጎኑ አድርጊው፤ ቅጂው ለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ስላለ ምስሉን ፈልጊና አትሚው። መምህርሽ ምን እንዳሉሽ ደውለሽ ንገሪኝ።

አባትሽ