ወረቀቱ እጅሽ ሳይገባ ሥራሽን እንዳትለቂ

እህት ዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? ይህን ያህል ዓመት አንድ መስመር እንኳ ሳልጽፍልሽ መቅረቴ ያሳፍረኛል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ማመካኛም አልፈልግለትም። ያለሽው ደቡብ ኮሪያ፣ ቹንቾን ከተማ መሆኑን ስሰማ ግን ደስ አለኝ። በኮሪያ ጦርነት የዘመተው የእኛ የቃኘው ሻለቃ መታሰቢያ ያለበት ከተማ አይደል! በ1968 እ.ኤ.አ. ጃንሆይ ራሳቸው ተገኝተው የተመረቀው ሐውልት ውኃው ዳር ቆሟል፣ በኢትዮጵያ ስም የተሰየመው ቡና ቤትም እዚያው ቅርቡ ነው። ከሥራ ስትወጪ በዚያ በኩል ብቅ ትያለሽ ብዬ አስባለሁ።

መልእክትሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ነገሩን ልድገመው፣ የሳትኩት ካለ አርሚኝ። ሀግዎኑ፣ ማለትም ያለሽበት የግል ማስጠኛ፣ ያስፈረመሽ ውል ከማርች 1 እስከ ፌብሩዋሪ 28 ነው። ደመወዝሽ በወር 2,400,000 ዎን፣ ቤቱን የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። አሁን ስምንተኛ ወርሽ ነው። ሴኡል ያለው ሌላ ሀግዎን ደግሞ ዲሴምበር 15 ጀምሪልን ብሎሻል፤ አንቺም በዚህ ሳምንት የመልቀቂያ ደብዳቤ ልታስገቢ አስበሻል። እባክሽ አታስገቢ። መጀመሪያ ይህን አንብቢ።

ያንቺ ኢ-2 ቪዛ፣ ማለትም ለውጭ ቋንቋ መምህራን የሚሰጠው፣ ከአሠሪው ጋር የታሰረ ነው። በመታወቂያ ካርድሽ ላይ የተጻፈው ቀን ማርች መጨረሻ ስለሆነ እስከዚያ ድረስ ነፃ ነኝ ብለሽ ከሆነ ተሳስተሻል። ብዙ ጊዜ የአንድ ዓመት ውል ላለው መምህር የአንድ ወር ጭማሪ ያለበት ቀን ይሰጡታል፤ ያ ወር ውሉን ለጨረሰ ሰው ዕቃውን መሰብሰቢያና አዲስ ወረቀት ማስጨረሻ ነው። በውል መሀል የለቀቀን ሰው ግን አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ በሕግ ግዴታው ነው። ሪፖርቱ ከገባ በኋላ ካርዱ ላይ ያለውን ቀን ተማምነሽ ልትቀመጪ አትችዪም። ብዙ መምህራን የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ካርዱን እያዩ ይተማመናሉ፣ ፋይሉ ግን ቢሮ ውስጥ ተዘግቷል።

በውል መሀል አሠሪ ለመቀየር አሁን ያለሽበት ሀግዎን የስምምነት ወረቀት ሊጽፍልሽ ይገባል። በኮሪያኛ ኢጆክ ዶንጊሶ ይሉታል፣ መምህራኑ ደግሞ «ሪሊዝ ሌተር» ነው የሚሉት። አንድ ገጽ ነው፣ ነገር ግን እያንዳንዱ መስመር ዋጋ አለው። ስምሽ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል መጻፉን፣ የመታወቂያ ካርድ ቁጥርሽ ትክክል መሆኑን፣ የሀግዎኑ ስምና የንግድ ምዝገባ ቁጥር መኖሩን፣ የመጨረሻ የሥራ ቀንሽ በግልጽ መቀመጡን፣ ወደ ሌላ የሥራ ቦታ መዛወርሽን «እንስማማለን» የሚለው ቃል መኖሩንና ከታች የድርጅቱ ቀይ ማኅተም መመታቱን እዪ። «እዚህ ሠርታለች» የሚል የሥራ ልምድ ደብዳቤ ቢሰጡሽ የዚህን ቦታ አይሸፍንልሽም፤ ይህን ይዘው ሄደው ከኢሚግሬሽኑ መስኮት የተመለሱ ብዙ ናቸው። ዳይሬክተሩ በቃል «ችግር የለም፣ እንጽፍልሻለን» ቢልሽም መልቀቂያ የምታስገቢው ወረቀቱ ማኅተሙ ተመቶበት እጅሽ ከገባ በኋላ ብቻ ይሁን። መልቀቂያ ከገባ በኋላ እሱ የሚቸኩልበት ምክንያት የለውም፣ አንቺ ግን አለሽ።

ሪሊዝ ሌተር የመስጠት ግዴታ የለባቸውም። እምቢ ቢሉ መክሰሻ የለሽም። ደመወዝ ያልከፈሉ ወይም የተዘጉ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ ያን ጊዜ ከሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ማስረጃ ይዘሽ ኢሚግሬሽን ስትቀርቢ ያለ ስምምነት ወረቀትም ጉዳይሽ ሊታይ ይችላል። አንቺ ያልሽኝ የሥራ ሰዓት መብዛትና የዳይሬክተሩ ቁጣ ነው፤ ይህ ብቻውን በመስኮቱ በኩል አያሳልፍሽም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ለእኔ ዋናው ምክንያት እሱ ነውና። ኮሪያ ውስጥ አንድ ዓመት ሙሉ የሠራና በሳምንት በአማካይ ከ15 ሰዓት የማያንስ ሥራ ያለው ሠራተኛ ሲለቅ ትዌጂክግም የሚባል የስንብት ክፍያ አለው። ከ2010 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ ከአምስት ሰው በታች ያለው ትንሽ ሀግዎንም ይከፍላል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት ደመወዝ ደምረሽ ለቀኖቹ ቁጥር ታካፍያለሽ፣ ያንን በ30 ታባዣለሽ። ያንቺ ዲሴምበር፣ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ሲደመሩ 7,200,000 ዎን፣ ቀኖቹ 90 ናቸው። በቀን 80,000፣ በ30 ሲባዛ 2,400,000 ዎን። አንድ ሙሉ ደመወዝ ማለት ነው። ዲሴምበር 14 ከለቀቅሽ ግን ዘጠኝ ወር ተኩል ስለሆነ በወሩ ልክ ተቀንሶ አይሰጥሽም፤ ምንም የለሽም። ዜሮ ነው።

ስለዚህ የውልሽን የመጨረሻ ቀን አሁኑኑ አውጥተሽ እዪው። ፌብሩዋሪ 28 ነው ብለሻል፤ ወረቀቱ ላይም እንደዚያ ከሆነ 365 ቀን ይሞላል። «ፌብሩዋሪ 26» ወይም «27» የሚል ከሆነ ዓመቱ አልሞላም፣ ስለዚህ ፌብሩዋሪ 28ን ጨምረው እንዲያሠሩሽ በጽሑፍ አስቀድመሽ ጠይቂ። የአስራ አንድ ወር ውል የሚያስፈርሙና በአስራ አንደኛው ወር ሰበብ ፈልገው የሚያሰናብቱ ሀግዎኖች መኖራቸው በመምህራኑ ዘንድ የታወቀ ነው። ከሦስት ወር በላይ የሠራ ሰው ሲባረር የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ወይም የ30 ቀን ደመወዝ ይገባዋል፤ እሱንም ያዢው።

እንግዲህ የምመክርሽ ይህን ነው። ለሴኡሉ ሀግዎን ማርች መጀመሪያ ላይ ልጀምር ብለሽ ጻፊለት። የኮሪያ የትምህርት ዘመን የሚጀምረው በማርች ነው፣ በዚያን ጊዜ መምህር የማይፈልግ ሀግዎን ጥቂት ነው። በእውነት ከፈለጉሽ ይጠብቁሻል። ካልጠበቁሽም ያንን የመሰለ ሌላ ታገኛለሽ፤ ውል ጨርሳ ለወጣች መምህር ሪሊዝ ሌተር የሚጠይቅ የለም፣ በሩ ሰፊ ነው።

ውሉን ስትጨርሺ አዲሱን የሥራ ቦታ በ15 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለብሽ። ይህን ቀን አትጠብቂው፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሳይጀመር ይጠናቀቅ። ቀጠሮ የሚያዘው በሃይ ኮሪያ ድረ ገጽ ነው፣ ሥራ በሚበዛባቸው ቢሮዎች ቀጠሮው ሳምንታት ሊርቅ ስለሚችል ጃንዋሪ ላይ ያዢ። ይዘሽ የምትቀርቢው፦ ፓስፖርትና መታወቂያ ካርድ፣ የተሞላ ማመልከቻ፣ በሁለቱም ወገን የተፈረመ አዲስ ውል፣ የአዲሱ ሀግዎን የንግድ ምዝገባ ወረቀትና ከትምህርት ቢሮ የተሰጠው የማስጠኛ ፈቃድ፣ የምትኖሪበትን ቤት የሚያሳይ ወረቀት። የሀግዎኑን ሁለት ወረቀቶች የሚያመጣው አሠሪው ነው፤ «በኋላ እንልካለን» ካሉሽ ቀጠሮው ያልፍብሻል፣ ቀድመሽ ኮፒውን ተቀበዪ። ዲግሪሽና ከወንጀል ነፃ መሆንሽን የሚያሳየው የኤፍ ቢ አይ ማስረጃሽ ቀድሞ ፋይልሽ ውስጥ ስላለ ከአገር ሳትወጪ ከቀየርሽ ብዙ ጊዜ አይጠየቁም። ያም ሆኖ 1345 ደውለሽ ጠይቂያቸው፤ የኢሚግሬሽኑ መስመር ነው፣ በእንግሊዝኛም ያነጋግሩሻል።

ያለሽው ከመኖሪያ ጋር የተያያዘ ሥራ ስለሆነ ውሉ ሲያልቅ ቤቱም ያልቃል። ሴኡል ከገባሽ በኋላ አዲሱን አድራሻሽንም በ15 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ አለብሽ። ይህ ከሥራ ቦታው ሪፖርት የተለየ ነው። ብዙዎች አንዱን አድርገው ሌላውን ይረሱና ይቀጣሉ።

ፌብሩዋሪ መጨረሻ ደርሶ አዲስ ሥራ ባይኖርሽ ደግሞ ዲ-10 የሚባል የሥራ ፈላጊ ቪዛ አለ። ኢ-2ሽ ሳይቃጠል ነው የምትቀይሪው፣ ብዙ ጊዜ ስድስት ወር ይሰጣል። በዲ-10 ማስተማር አትችዪም። ሥራ ስታገኚ መልሰሽ ወደ ኢ-2 ትቀይሪያለሽ። በዚህ ክፍተት ጊዜ የጤና መድኅኑ ከአሠሪ ወደ ራስሽ ይዞርና ደረሰኙ በአድራሻሽ ይመጣል፤ ክፈዪው። ያልተከፈለ የመድኅን ዕዳ ቪዛ ሲታደስ ይወጣል።

የደመወዝ ወረቀትሽንም እዪልኝ። ከደመወዝሽ ላይ 3.3 በመቶ ብቻ ተቆርጦ፣ ጡረታና ጤና መድኅን የሚል መስመር ከሌለ፣ አንቺን እንደ ሠራተኛ ሳይሆን እንደ ግል ነጋዴ አስመዝግበውሻል ማለት ነው። ይህን የሚያደርጉት የጡረታውን ግማሽና ትዌጂክግሙን ላለመክፈል ነው። ሰዓትሽን፣ ክፍልሽንና መጽሐፍሽን የሚወስኑት እነሱ ከሆኑ በሕግ ሠራተኛ ነሽ፤ ወረቀቱ ምንም ቢል። ጡረታው ከደመወዝ እስከ 2025 ድረስ 4.5 በመቶ ከአንቺ፣ 4.5 በመቶ ከአሠሪው ነበር፤ ከ2026 ጀምሮ 4.75 በመቶ ከየወገኑ ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት ስላለሽ ከኮሪያ ጠቅልለሽ ስትወጪ ሁለቱም ድርሻ ተደምሮ ይመለስልሻል። ሥራ ስትቀይሪ ግን አይመለስም፣ ቁጥሩ ይቀጥላል። ስለዚህ በዚህ ያልተመዘገበች ወር የራስሽ ገንዘብ የጠፋባት ወር ናት።

የመጨረሻው ደመወዝና ትዌጂክግም ከለቀቅሽ በ14 ቀን ውስጥ ሊከፈሉ ይገባል። «የአውሮፕላን ቲኬትሽን እንቀንሳለን» ወይም «ቅጣት አለብሽ» ቢሉሽ፣ የኮሪያ የሠራተኛ ሕግ በውል ላይ አስቀድሞ ቅጣት መወሰንን ይከለክላል፣ ደመወዝም ሙሉውን እንዲከፈል ያዛል። ካልከፈሉ 1350 ደውለሽ በሠራተኛ ሚኒስቴር ቢሮ ጂንጆንግ፣ ማለትም አቤቱታ፣ ታስገቢያለሽ። ሦስት ዓመት ድረስ መጠየቅ ይቻላል። ለዚህ የሚረዳሽ ማስረጃ አሁን እጅሽ ላይ ያለው ነው፦ ውሉ፣ የደመወዝ ወረቀቶቹ፣ የባንክ ዝርዝሩ፣ የካካኦቶክ መልእክቶቹ። ሁሉንም ፎቶ አንሺና ከሀግዎኑ ኮምፒውተር ውጪ በሆነ ቦታ አስቀምጪ። የባንክ ሒሳብሽንም ገንዘቡ ሳይገባ አትዝጊ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለጎረቤት ልጅ እንግሊዝኛ ላስጠና ብለሽ የጠየቅሽኝን ተዪው። ኢ-2 ያላት መምህር ከተመዘገበችበት ቦታ ውጪ በክፍያ ስታስተምር ከተገኘች ቅጣቱ ከሳንቲሙ ጋር አይመጣጠንም፣ ቪዛዋንም ልታጣ ትችላለች።

የአክስትሽ ልጅም እመጣለሁ ማለቱን ጽፈሻል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የእንግሊዝኛ ኢ-2 አይሰጥም፤ የሚሰጠው ለአሜሪካ፣ ለእንግሊዝ፣ ለካናዳ፣ ለአየርላንድ፣ ለአውስትራሊያ፣ ለኒውዚላንድና ለደቡብ አፍሪካ ዜጎች ነው። እንግሊዝኛው ምንም ያህል ቢያምር ይህን አይቀይረውም። ለደላላ ገንዘብ እንዳይከፍል ዛሬውኑ ንገሪው።

የውልሽን የመጀመሪያና የመጨረሻ ገጽ፣ አንድ የደመወዝ ወረቀትም ጨምረሽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ቀኖቹን አብረን እንቆጥራቸዋለን። ለዳይሬክተሩ ምንም አትበዪ፣ እኔ እስክመልስልሽ ድረስ።

ናፍቀሽኛል። በሰላም ያገናኘን።

ወዳጅሽ