ክሌዩ ጥፋት የለበትም፣ ሙቀቱን ለኩት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች፤

በእጅ ሥራ ገጻችሁ ስለ ፖሊመር ክሌይ (እንደ ሊጥ በእጅ ተሠርቶ ኦቨን ውስጥ ሲጋገር የሚጠነክር ፕላስቲክ) ዶቃ ስለጻፋችሁ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ዶቃው መልኩ እስኪቀየር ኦቨን ውስጥ ይቆይ የሚለው ምክር እባካችሁ ይታረም።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ማታ ማታ ልጆቼ ሲተኙ ዶቃ እሠራለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ብርሃን በሚያሳልፈው ክሌይ። ጥቁሩ ክሌይ ትንሽ ቢያርር ብዙም አያስታውቅበትም። ይሄኛው ግን ሙቀት ሲበዛበት መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ቡናማ፣ በቃ አለቀ።

እኔም ሥልጠና የወሰድኩበት ቦታ በዓይናችሁ እያያችሁ አውጡት ነበር ያሉን። እንደተባልኩት አደረግኩ። ለእህቴ ሠርግ ያዘጋጀሁት ነጭና ሮዝ ዶቃ በሙሉ የተቆላ ገብስ መሰለ። ክሌዩ የተበላሸ መስሎኝ የተረፈውንም ጣልኩት። ከውጭ የሚመጣ ሰው ለምኜ ያገኘሁት ነበር፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

በኋላ የኦቨን ቴርሞሜትር አስመጣሁ። ቁልፉ 130 ላይ ነው፣ ውስጡ ግን 165 ደርሷል! ፊሞ የሚባለው ክሌይ የሚጋገረው በ110 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ነው። ፕሪሞ ደግሞ በ135፣ ለየ6 ሚሊ ሜትር ውፍረቱ 30 ደቂቃ። እናቴ ምጣድ መጋሉን በዓይኗ ታውቃለች፣ ዕድሜዋን ሙሉ ጋግራለች። የኦቨን ሙቀት ግን በዓይን አይታወቅም።

አንዷ ጎረቤቴ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ ውሃም በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ሙቀቱን ጨመር አድርጊ አለችኝ። ለባቄላ ቅቅል ቢሆን እውነት አላት፣ እዚህ ቶሎ አይበስልም። ክሌይ ግን የሚጠነክረው ውሃው ተንኖ አይደለም። ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ነው፣ ሙቀቱ ቅንጣቶቹን እርስ በርስ ያያይዛቸዋል። ሱሉልታም አዳማም 130 ያው 130 ነው። ፒቪሲ ደግሞ ከመጠን በላይ ሲግል ሃይድሮጂን ክሎራይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። እኛ ሰፈር ብዙዎቻችን በአንዲት ክፍል ነው የምንበላውም የምንሠራውም ልጅ የምናስተኛውም፣ እንድጽፍላችሁ ያደረገኝም ከሁሉም በላይ ይሄ ነው።

ስለ ቀለሙም ልበል፣ በጣም የምወደው እሱን ስለሆነ። ትንሽ ይበቃል። እንቁላል ለሚያክል ክሌይ የምስር ፍሬ የምታክል ባለቀለም ክሌይ ነው የምጨምረው። ሳይጋገር ወተት የመሰለ ደብዛዛ ስለሆነ ቀለም ያነሰው ይመስላል፣ ሰው እየጨመረ እየጨመረ የሚያበላሸው ይሄኔ ነው። ሲጋገር ይደምቃል። ስለዚህ መጀመሪያ አንዲት ቁራጭ ለብቻዋ ጋግሬ አያለሁ። በአልኮል የተበጠበጠ ቀለም የምትጠቀሙ አልኮሉ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ አለበለዚያ አረፋ ያወጣል። እርድ ሞክሬ የሐረር ሴቶች አንገት ላይ የሚታየውን አምበር የሚመስል ዶቃ ወጥቶልኛል። እርድ ግን ፀሐይ ሲያገኘው ይደበዝዛል፣ ለሚገዛ ሰው ይሄን እነግራለሁ።

ስጋግር ከላይ ፎይል እንደ ድንኳን አለብሰዋለሁ። እንደወጣ በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ስከተው የበለጠ ይጠራል። መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ አትደንግጡ፣ ሲመጣ ከመጀመሪያው ጋግሩት፣ ምንም አይሆንም።

በሚቀጥለው እትም ዲግሪውንና ደቂቃውን በቁጥር አውጡልን። መስኮት ክፈቱ የሚለውንም ጨምሩበት።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት አንባቢ፣ ከቱሉ ዲምቱ